የቆጵሮስ ነገሥታትና የእኛ መነኮሳት

በሠፈራችን በለሚ ኩራ የታሪክ ወሬ ሲነሣ ሰው ከዓድዋ ይጀምርና ወደ ኋላ ሲመለስ በአንድ ዝላይ ላሊበላ ላይ ያርፋል። ከላሊበላ እስከ ግራኝ ያሉት ሦስት መቶ ዓመታት በወሬያችን ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። ስለ መስቀል ጦረኞች ስናወራም በፊልም ያየነውን እንጂ ያነበብነውን አናወራም። እኔ ግን የዚያን ዘመን መጻሕፍት ባገላበጥኩ ቁጥር አንዲት ደሴት ደጋግማ ትገጥመኛለች፤ ቆጵሮስ። እሷን ይገዛ የነበረው የሉሲኛን ቤት ታሪክ ከእኛ ነገሥታት፣ ይበልጡንም ከእኛ መነኮሳት ታሪክ ጋር በብዙ ቦታ ይነካካል። በየጊዜው ያሰፈርኳቸው ትዝብቶች እነሆ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

*

በ1187 ሳላሕ አድ-ዲን የመስቀል ጦረኞችን ሐጢን ላይ ድል ነሥቶ ኢየሩሳሌምን ያዘ። በዚያ ውጊያ የተማረከው የኢየሩሳሌም ንጉሥ ጊ ደ ሉሲኛን ይባላል። ከምርኮ ተፈታ፤ መንግሥቱ ግን አልተመለሰለትም። የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ በ1191 ቆጵሮስን በጦር ይዟት ነበርና በማግሥቱ ዓመት ደሴቲቱ በገንዘብ ለጊ ተላለፈች። ኢየሩሳሌምን ያጣው ሰው ደሴት ገዝቶ ተቀመጠ። የሉሲኛን ቤትም ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገዛት።

በዚያው ዘመን ላስታ ውስጥ የነበረው ንጉሣችን ላሊበላ ነው። በመቀመጫው በሮሐ ወንዙ ዮርዳኖስ ተባለ፤ ጎልጎታና ደብረ ሲና ከዓለት ተፈልፍለው ቆሙ። ላሊበላን ለዚህ ያነሣሣው የኢየሩሳሌም መያዝ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ የለም የሚሉም አሉ። ክርክሩን ለእነሱ ትቼ እኔን የሚገርመኝን ልናገር። አንድ ከተማ ለክርስቲያን ነገሥታት ሲርቅ አንዱ ንጉሥ ወደ እሷ የሚዘምትበት ወደብ ፈለገ፣ ሌላው ስሟንና መልኳን በአገሩ ድንጋይ ላይ ቀረጸ። ከሁለቱ ዛሬ ምእመን የሚሳለመው የትኛውን እንደሆነ የገና ዕለት ላስታ የሄደ ሰው ያውቃል።

*

1269 እና 1270። እነዚህን ሁለት ዓመቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ የታሪክ መምህር አላጋጠመኝም። በ1269 የቆጵሮሱ ሂዩ ሦስተኛ የኢየሩሳሌም ንጉሥ ተብሎ ሁለተኛ ዘውድ ደፋ። በ1270 ይኩኖ አምላክ የዛጔን መንግሥት ጥሎ ሰሎሞናዊ ነኝ ብሎ ነገሠ። ሁለቱም መንግሥታቸውን ያያያዙት ከማይገዟት ከተማ ጋር ነው።

አያያዛቸው ግን ይለያያል። ሉሲኛኖች የፈለጉት ከተማዪቱን ራሷን ነበር። አካ በ1291 ወድቃ የመስቀል ጦረኞች ከመሬቱ ተጠራርገው ከወጡ በኋላ እንኳ በኒቆስያ የቆጵሮስን ዘውድ፣ ከኢየሩሳሌም ፊት ለፊት ባለችው ወደብ በፋማጉስታ ደግሞ የኢየሩሳሌምን ዘውድ መጫናቸውን አልተዉም። የእኛዎቹ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በንቡረ እድ ይስሐቅ እጅ በግእዝ የተዘጋጀውን ክብረ ነገሥት ይዘው ጽዮን ወደ እኛ መጥታለች፣ የሰሎሞንም ደም ከእኛ ዘንድ ነው አሉ። የመጀመሪያው እምነት በየትውልዱ መርከብና ወታደር ይጠይቃል። ሁለተኛው አይጠይቅም። የሉሲኛን ዘውድ በ1489 ሲያበቃ የእኛው እስከ 1974 መዝለቁን ይህ ብቻ ያስረዳዋል አልልም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ነው ብዬ አምናለሁ።

*

ከሉሲኛኖች ሁሉ ስሙ የገነነው ጴጥሮስ ቀዳማዊ ነው። በ1358 ነገሠ። በ1361 በቱርኮች እጅ የነበረችውን አዳልያን ወሰደ። በ1362 ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ከቬኒስ እስከ አቪኞን፣ ከለንደን እስከ ክራኮው እየዞረ ለመስቀል ጦርነት ሰውና ገንዘብ ለመነ። ከሦስት ዓመት ልመና በኋላ መርከቦቹ ሮድስ ላይ ተሰበሰቡ፤ ወዴት እንደሚዘምቱ ግን ብዙዎቹ ተሳፋሪዎች አያውቁም ነበር። በጥቅምት 1365 እስክንድርያ ደጃፍ ላይ ደረሱ።

የከተማዪቱ ገዥ ሐጅ ሄዷል። ሡልጣኑ ልጅ ነው፤ አገሩን የሚመራው አሚር ይልቡጋ ያለው ካይሮ ነው። ዓባይም ሞልቷል። የወንዙ ሙላት የታችኛውን ግብፅ መንገድ ስላጥለቀለቀ ከካይሮ የተነሣው ጦር ረጅሙን ዙር መሄድ ነበረበት። ይህን ባነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን አስቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ያ ውኃ ከሁለት ወር ገደማ በፊት በጎጃምና በቤጌምድር የዘነበ የክረምት ዝናብ ነው። በዚያ ክረምት ኢትዮጵያን የሚገዛው ንጉሥ ሰይፈ አርዕድ ነበር። ስለ ጴጥሮስ ዘመቻ አልተማከረም፣ አልተጠየቀም። የአገሩ ውኃ ግን ለአንድ የማያውቀው ንጉሥ ጋሻ ሆነ።

ጴጥሮስ ከተማዪቱን በአንድ ቀን ያዘ። ከዚያ የሆነው ዘረፋና ግድያ ነው። ሙስሊሙ፣ አይሁዱ፣ ኮፕቱ አልተለየም። የእስክንድርያ ክርስቲያኖች ቤት በክርስቲያን ጦር ተዘረፈ። አምስት ሺህ ገደማ ሰው ተማርኮ ተወሰደ። ጴጥሮስ ከተማዪቱን ይዞ መቆየት ፈልጎ ነበር ይባላል፤ ከአውሮፓ የመጡት ባላባቶች ግን ምርኳቸውን ጭነው መሄድን መረጡ። ሳምንት ሳይሞላ መርከቦቹ ተመለሱ።

ዕዳውን የከፈለው እዚያው የቀረው ክርስቲያን ነው። ይልቡጋ ምርኮኞችን ለማስፈታትና መርከብ ለመሥራት ከግብፅና ከሶርያ ክርስቲያኖች ሀብት አስወሰደ። የኢየሩሳሌሙ የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ። በዚያ ዘመን አቡን ይላክልን የነበረው ከእስክንድርያ መንበር መሆኑን ላስታውስ። በ1365 በኢትዮጵያ የነበሩት ጳጳስ አቡነ ሰላማ መተርጉም ናቸው፤ በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት የምንሰማው ግብረ ሕማማት በእሳቸው ዘመን እንደ ተተረጎመ ይነገራል። መጻሕፍቱ የተተረጎሙት ከዐረብኛ ነው፤ ከእነዚያው ከተዘረፉትና ከተቀጡት ኮፕቶች ቋንቋ። የመስቀል ጦርነት ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ረዳት ነበር ብሎ ለሚያስብ ሰው እስክንድርያን አንብብ እለዋለሁ። የእናት ቤተ ክርስቲያናችንን ልጆች ያስራበው ያ ዘመቻ ነው።

*

የጴጥሮስ መጨረሻ አጭር ነው። ከባላባቶቹ አንዱ የነበራቸውን ሁለት አዳኝ ውሾች የንጉሡ ልጅ ወደዳቸው፤ ባለቤቶቹ አንሰጥም አሉ። ንጉሡ ባላባቱን አሠረ፣ ሴት ልጃቸውን ከማዕረግዋ በታች ለሆነ ልብስ ሰፊ ሊድራት ፈለገ። በዚህና በሌላውም ቂም የያዙ የራሱ ባላባቶች በጥር 1369 ሌሊት ላይ መኝታ ቤቱ ገብተው ገደሉት። ጊዮም ደ ማሾ የተባለው የፈረንሳይ ገጣሚ ስለ እስክንድርያ ዘመቻው ሙሉ መጽሐፍ በግጥም ጽፎለታል። ግጥሙ ተረፈ፤ ከዘመቻው ግን አንድም መሬት አልተረፈም።

*

አሁን ወደ ሌላ ተጓዥ። መስከረም 18 ቀን ሲዘከር የምንሰማው አባ ኤዎስጣቴዎስ በሰራየ ገዳም አቋቁሞ፣ ሰንበተ አይሁድና ሰንበተ ክርስቲያን ሁለቱም ይከበሩ ብሎ ያስተማረ መነኩሴ ነው። ነገሩ ጠብ አስነሣበት፤ ቤተ መንግሥትም ጳጳስም አልደገፉትም። በ1337 ገደማ ከጥቂት ደቀ መዛሙርት ጋር አገሩን ለቅቆ ወጣ። ግብፅ ገባ፤ ከፓትርያርኩ ጋር ተነጋገረ። ኢየሩሳሌምን ተሳለመ። ቀጥሎ ቆጵሮስ ደረሰ።

በዚያ ዘመን ቆጵሮስን የሚገዛው የጴጥሮስ አባት ሂዩ አራተኛ ነው። ጴጥሮስ ገና ልጅ ነበር። በዚያው ደሴት ላይ አንድ ለመንገሥ የሚያድግ ልጅና አንድ ከአገሩ የተሰደደ የሐበሻ መነኩሴ ኖረዋል። ተገናኝተዋል የሚል ማስረጃ የለም፤ እኔም አልፈጥርም። የሁለቱን ጉዞ ግን ማስተያየት አይከለከልም። ጴጥሮስ ከአውሮፓ ነገሥታት ሁሉ መርከብ ለመነ። ኤዎስጣቴዎስ መርከብ እንኳ እንዳልነበረው ገድሉ ይነግረናል፤ መጎናጸፊያውን በባሕር ላይ ዘርግቶ በእሱ ተሳፍሮ ተሻገረ ይላል። ሠዓሊዎቻችን ይህን ደጋግመው ሥለውታል።

የተሻገረው ወደ አርመን ነው። ምሁራን እንደሚሉት ይህ ከቆጵሮስ በስተ ሰሜን በባሕር ዳር የነበረው የኪልቅያ የአርመን መንግሥት ነው። እዚያም በ1342 የነገሠው የሉሲኛን ዘር ነበር፤ ሁለት ዓመት ገዝቶ ተገደለ። ኤዎስጣቴዎስ በአርመን ምድር አሥራ አራት ዓመት ገደማ ኖሮ በ1352 ዐረፈ። ደቀ መዛሙርቱ ትምህርቱን ይዘው ተመለሱ። አንድ መቶ ዓመት ሊሞላ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በ1450፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ተስማማ። ዛሬ በየቤታችን ቅዳሜን ከሌላው ቀን ለይተን የምንይዝ ሰዎች የአንድ ስደተኛ ክርክር ወራሾች ነን።

*

በአያት በኩል ባለ ኮንዶሚኒየም አንዲት እናት አሉ፤ በየወሩ ቡና ሲያፈሉ ጎረቤቱን ሁሉ ይጠራሉ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የተሰቀለ የጧፍ ጭብጥ አለ፤ ሠላሳ ሦስት ጧፍ አንድ ላይ የታሰረ፣ ጫፉ የጠቆረ። ከኢየሩሳሌም በትንሣኤ ብርሃን ለኩሰው ያመጡት ነው። ፕላስቲኩ በአቧራ ስለሚደበዝዝ በየዓመቱ ለትንሣኤ ይቀይሩታል፤ ጧፉን ግን እሳቸው ብቻ ናቸው የሚነኩት።

«እማማ፣ ዴር ሡልጣን ገብተዋል?» አልኳቸው።

«ገብቼ! የጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ነው እኮ ያሉት አባቶቻችን። ክፍላቸው ጠባብ፣ በጋው እሳት፣ ክረምቱ በረዶ። አንድ አባት እጄን ይዘው አወጡኝ። ስንት ዘመን ሆናችሁ ብላቸው፣ እኛ እኮ ሁልጊዜም እዚሁ ነን አሉኝ ልጄ።»

አባትዮው የተናገሩት እውነት ነው። ከሉሲኛኖች የኢየሩሳሌም ዘውድ የደፉት በኋለኞቹ ዘመናት አንዳቸውም ከተማዪቱን አልገዙም። ከእኛ ነገሥታት በዚያ ዘመን አንድም ተሻግሮ የተሳለማት የለም። የኢትዮጵያ መነኮሳት ግን ነበሩ፤ በዘውድ ሳይሆን በደጅ ጥናት፣ በጾም፣ በግፊያና በጠባብ ክፍል። ከተማዪቱን ይዘን ኖረናል ማለት የሚችሉ እነሱ ናቸው።

*

በ1426 የግብፁ ሡልጣን ባርስባይ ለእስክንድርያ ብድሩን መለሰ። ጦሩ ቆጵሮስ ወርዶ ንጉሥ ያኑስን ኪሮኪትያ በተባለ ቦታ ማረከው። ኒቆስያ ተዘረፈች። ያኑስ በካይሮ አደባባይ እየታየ አለፈ፤ በሡልጣኑ ፊት መሬት ሳመ። በሁለት መቶ ሺህ ዱካት ቤዛና በዓመታዊ ግብር ተለቆ ወደ ደሴቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ የቆጵሮስ ንጉሥ የግብፅ ገባር ነው።

በ1427 የዐፄ ይስሐቅ መልእክተኞች በስፔን ምድር ቫሌንሲያ ላይ የአራጎኑን ንጉሥ አልፎንሶን አነጋገሩ። ጉዳዩ ወዳጅነትና ጋብቻ ነበር፤ ይስሐቅ ከአልፎንሶ ወገን ሊያገባ፣ የአልፎንሶ ወንድምም ከእኛ ንጉሣዊ ቤት ሊያገባ። አልፎንሶ ዐሥራ ሦስት የእጅ ባለሙያዎች ላከ፤ አንዳቸውም አገራችን አልደረሱም። ለፈረንጅ ነገሥታት የይስሐቅን መልእክት ያደረሰ፣ መሣሪያም ይገዛ የነበረ ከፋርስ የመጣ አት-ተብሪዚ የሚባል ነጋዴ ደግሞ በ1429 ካይሮ ውስጥ ተገደለ። ሜዲትራንያን በቆጵሮስ በኩል ለክርስቲያን ነገሥታት እየጠበበ ሲሄድ የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ዳር ቆሞ አላየም። ወዲያው በር አንኳኳ። በትምህርት ቤት ግን ኢትዮጵያ በክርስቲያን ደሴትነት ተከባ፣ ዓለም ረስቷት ተኛች እየተባልን አደግን።

*

ስለ ያኑስ አንድ ነገር ልጨምር። የተወለደው በጄኖቫ ምርኮ ውስጥ ነው። ጄኖቫዎች በ1373 ቆጵሮስን ወርረው የወቅቱን ንጉሥ አጎት ከነሚስቱ ወስደው ስለነበር ልጁ እዚያ ተወለደ፤ አባቱ ሲነግሥ መያዣ ሆኖ ቀረ። በኋላ ተፈቶ ነገሠ። ያኑስ በ1432 ሞተ። በሁለት ዓመቱ፣ በ1434፣ እኛ ዘንድ ዘርዐ ያዕቆብ ከአምባ ግሸን ወርዶ ነገሠ፤ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይቀናቀኑ የሚጠበቁበት ተራራ ማለት ነው። አንዱ በባዕድ ከተማ፣ አንዱ በገዛ አገሩ አምባ፣ ሁለቱም ከእስር ወጥተው ነገሡ። ያኑስ መንግሥቱን አዋርዶ ሞተ። ዘርዐ ያዕቆብ የእስር ዘመኑን መማሪያ እንዳደረገው ከጻፋቸውና ካስጻፋቸው መጻሕፍት ይታያል። በኋላም ከአባቱ ከዐፄ ዳዊት ዘመን ጀምሮ የመጣውን ግማደ መስቀል ያኖረው በዚያው በግሸን እንደሆነ ይነገራል። ታስሮ የነበረበትን ተራራ የአገር መሳለሚያ አደረገው። የኤዎስጣቴዎስ ዝክር ከዋለ በሦስተኛው ቀን፣ መስከረም 21፣ ሰው ከየአገሩ ወደ አምባሰል የሚጓዘው ለዚህ ነው።

*

ሉሲኛኖች አለቁ። የመጨረሻዪቱ ንግሥት ካተሪና ኮርናሮ የቬኒስ ልጅ ነበረች፤ በ1489 ደሴቲቱን ለቬኒስ አስረከበች። የቆጵሮስ ሐበሾች ግን አላለቁም። በኒቆስያ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ምእመናን ማኅበር ነበር። ከእነሱ መካከል በ1509 በቆጵሮስ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ዮሐንስ የሚባል ልጅ ወጣ። አድጎ ሮም ገባ፤ ግእዝን ለአውሮፓ ሰዎች ያስተማሩትና ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተሙት እነ አባ ተስፋ ጽዮን በኖሩበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ገዳም ኖረ። በ1565 ፓፓው በቆጵሮስ ላሉ ኢትዮጵያውያን ጳጳስ አድርገው ሾሙት። ከጥቁር የካቶሊክ ጳጳሳት ሁለተኛው እንደሆነ ተመራማሪዎች ይጽፋሉ። የዲያስጶራ ነገር በዋሽንግተን የተጀመረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ዮሐንስ ግን ኢትዮጵያዊ ሆኖ የኖረ፣ ከዛሬ አምስት መቶ ዓመት በፊት በደሴት ላይ የተወለደ ሰው ነው።

ከሰሚትና ከየካ አባዶ ብሎኮች ስንት ልጃገረድ በየዓመቱ ሻንጣ ይዛ ወደ ቤይሩት ትወጣለች። ቤይሩት ከቆጵሮስ በባሕር ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ልጆቻችን በዚያ ባሕር ዳር የመጀመሪያዎቹ ሐበሾች እንዳልሆኑ የሚነግራቸው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ከእነሱ በፊት እዚያ ቤተ ክርስቲያንና ማኅበር ያቆሙ፣ ስማቸውን ያስከበሩ ወገኖች ነበሩ።

*

ከዚያ ባሕር ወደ ሠፈራችን የሚመልሰን አንድ ካርታ አለ። በ1450 ገደማ ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ ትልቅ የዓለም ካርታ ሠራ። ካርታው ዛሬም ቬኒስ ውስጥ አለ። የኢትዮጵያን ክፍል የዚያው አገር ካህናት በገዛ እጃቸው ስለው እንዳሳዩት ራሱ ጽፏል። ከከተሞቹ መካከል የንጉሡ ዋና መቀመጫ ተብላ የተጻፈችው ባራራ ናት። ሪቻርድ ፓንክረስትና ሃርትቪግ ብሬተርኒትስ በ2009 ባወጡት ጥናት ባራራን በወጨጫና በየረር ተራሮች መካከል ፈልገዋታል። ሌሎች ወደ እንጦጦ ይጠጓታል። ከተማዪቱ በግራኝ ጦርነት ጠፍታለች፤ ትክክለኛ ቦታዋ ላይ ክርክሩ አላበቃም።

የረርን ከአያትና ከሰሚት ፎቆች ሆኖ ማየት ይቻላል። ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ በ2013 ዓ.ም. (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) ክፍለ ከተማ ሲሆን የተሰፋበት ምሥራቃዊ መሬት ተመራማሪዎቹ ከተማዪቱን በሚፈልጉበት አካባቢ ነው። ትናንት የጤፍ ማሳ የነበረው ዛሬ ባለ አምስት ፎቅ ብሎክ ሆኗል። ቤት መሠራቱን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ እኔም የምኖረው በዚያ ብሎክ ነው። መሬቱ ግን አንዴ ከተቆፈረና ከተሞላ በኋላ ተመልሶ አይነበብም።

ስለዚህ በዚህ በኩል ግንባታ የምታሠሩ፣ እስካቫተር የምትነዱ፣ መሠረት የምትቆፍሩ ወንድሞችና እኅቶች፦ በሥርዓት የተካበ የድንጋይ ግንብ፣ የተከማቸ የሸክላ ስባሪ፣ የተጠረበ ዓለት ወይም ያረጀ መቃብር ካጋጠማችሁ ቁፋሮውን በዚያ ነጥብ ላይ አቁሙ። ፎቶ አንሡ፣ ዕቃውን ከቦታው አታንሡ፣ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በዕለቱ አስታውቁ።